ቢጫን የሚደብቅ ብርሃን

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ሰው ቤት ስገባ ግን እስካሁን ከሰላምታ ቀድሜ የማየው አምፖሉን ነው። ነጭ ነው ወይስ ቢጫ? ነጭ ከሆነስ ምን ዓይነት ነጭ? ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩ። ሕፃኑን ስታሳቅፈኝ ፊቱን አየሁት። ሳሎኑን የሚያበራው ኤልኢዲ አምፖል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነበር። እንዲህ ባለ ብርሃን ሥር የአራስ ልጅ መልክ አይታመንም። ልጁን እንዳቀፍኩ ተነሥቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

“አክስቴ፣ ምነው? ምን አየሽበት?” ብላ እየተጎተተች ተከተለችኝ።

“ምንም። በቀን ብርሃን ልየው ብዬ ነው።”

አፍንጫውን በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። ዓይኑን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ልጁ ደህና ነበር። አራሷን በከንቱ እንዳስደነገጥኳት ገባኝና ይቅርታ ጠየቅኋት።

ሠላሳ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጉንችሬ ጀመርኩ፣ መስቃን ብዙ ቆየሁ፣ ወልቂጤ ጨረስኩ። ሥራዬን የሚያውቁ ሰዎች ስንት ልጅ እንዳዋለድኩ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ስለ እጅ ባትሪ ማውራት ስጀምር ግራ ይገባቸዋል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ልጻፈው ያልኩት።

ጉንችሬ ጤና ጣቢያ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መብራት አልገባም። ማዋለጃ ክፍሉ አንድ ትንሽ መስኮት ነበረው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ባሕር ዛፍ ይጋርደው ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ሲስተር አስካለ ይባላሉ። ከጎጃም የመጡ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያበዙ ሴት ናቸው። የሚያስፈሩ ነበሩ። ሪፖርት አሳስቼ ስጽፍ ዝም ብለው ያልፉኝ ነበር፤ ሕፃን አያያዝ ላይ ግን አንድ ስሕተት አያሳልፉም።

የሲስተር አስካለን ልማድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ሕፃን ሲመረምሩ መጀመሪያ ባትሪያቸውን በገዛ መዳፋቸው ላይ ያበራሉ። መዳፋቸውን ጥቂት ትክ ብለው ካዩ በኋላ ነው ወደ ልጁ የሚዞሩት። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

“ሲስተር፣ መዳፍዎ ላይ ምን ያያሉ?”

“የእኔ መዳፍ ዛሬም ያው የትናንቱ ነው” አሉኝ። “ከትናንቱ የተለየ ከመሰለኝ የተለወጠው ባትሪው ነው ማለት ነው። ድንጋዩ ሲደክም ብርሃኑ ወደ ቀይ ይሄዳል። ይህን ሳላውቅ ልጁ ላይ እንዴት እፈርዳለሁ?”

የዚያን ጊዜ ባትሪ ውስጡ ትንሽ አምፖል ያለው፣ ብርሃኑ ቢጫ የሆነ ነበር። በዚያ ብርሃን ሁሉም ሰው ቢጫ ይመስላል። ሲስተር አስካለ ይህን ስለሚያውቁ በባትሪው የሚያዩት እትብቱን፣ ቁስሉን፣ የአፉን ውስጥ ብቻ ነው። ቀለም ለማየት ግን ልጁን በነጠላ ሸፍነው፣ ደረታቸው ላይ አስጠግተው በሩ ድረስ ይወስዱታል። እዚያ አፍንጫውን በጣታቸው ጫን አድርገው ይለቃሉ፤ ቀጥሎ ደረቱን፣ ቀጥሎ ሆዱን፣ በመጨረሻ የውስጥ እግሩን። ቆዳው ሲጫን ደሙ ይሸሽና ለቅጽበት እውነተኛው ቀለም ይታያል። የወፍ በሽታ ምልክት የሆነው ቢጫ ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ገና ጅምር ነው። ወደ እግር በወረደ ቁጥር ግን አደጋው ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ስለሚያስቸግር ዓይኑንና ድዱን ሳያዩ አይተውም።

“በባትሪ ፈልጊ፤ ቀለም ግን በር ላይ እይ” ይሉኝ ነበር። “ሰነፍ ብትሆኚም፣ ቢደክምሽም፣ በር ላይ እይ።”

ደመወዛችን ትንሽ ነበር፤ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነበር። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁና አግብቼ ወደ ትውልድ ሀገሬ ወደ መስቃን ተዛወርኩ። እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወደ ሀገራቸው ሄዱ። ደብዳቤ ተጻጻፍን፤ በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ኤልኢዲ ባትሪ የመጣልን መስቃን እያለሁ ነው። ጤና ጣቢያው ከገበያ ገዝቶ ለየክፍሉ ሲያድል የተደሰትነውን ደስታ አልረሳውም። ብርሃኑ እንደ ወተት ነጭ ነው፣ በአንድ ቻርጅ ሳምንት ይሠራል፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር ያሳያል። አለቃችን አቶ ድንቁ የሚባሉ የጤና መኮንን ነበሩ፤ ታታሪ ሰው ናቸው። “ከእንግዲህ ጨለማ ብሎ ሰበብ የለም” አሉን እየሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የድሮው ቢጫ ብርሃን እንደሚያታልል ተምሬ ነበር። ነጩም ሊያታልል እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መዳፌ ላይ የማብራቱን ልማድም ያኔ ተውኩት።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ላይ ደረስኩ።

ክረምት ነበር። ዝናሽ የምትባል ወጣት እናት እኛ ጋ በሰላም ወልዳ በማግሥቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ በረከት አሉት። በሦስተኛው ቀን እሷንና ሌሎች ሁለት አራሶችን ልጠይቅ ወጣሁ። ከሰዓት በፊት ቢሆንም ዝናቡ ሰማዩን አጨልሞት ነበር። የተሳፈርኩበት ጋሪ ጭቃ ላይ ተይዞ የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ጫማዬ በውኃ ተሞልቷል።

ቤቱ መስኮት የለውም። ዝናሽ ውስጥ በኩል አልጋዋ ላይ ሕፃኑን አቅፋ ተኝታለች። አማቷ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

“እንዴት ነው፣ ይጠባል?” አልኳት።

“ይጠባል፤ ግን ቶሎ ይተኛብኛል” አለች።

ይህ ቃል ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ባትሪዬን አብርቼ አየሁት። አፍንጫውን ጫን አድርጌ ለቀቅሁ፤ ነጣ ብሎ ታየኝ። ዓይኑን ልገልጥ ስል ብርሃኑ ስለበዛበት ጨምድዶ ጨፈነ። ጤነኛ፣ ያማረ ልጅ መሰለኝ። የሲስተር አስካለ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣና፣ “እስቲ በር ላይ ልየው” አልኩ።

አማቷ ቀና አሉ። “ልጄ፣ በዚህ ዝናብ አራስ ልጅ በር ላይ ይወጣል? ብርድ ቢመታውስ?”

መከራከር እችል ነበር። ከአልጋው እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። ነገር ግን በርዶኛል፣ ሁለት ቤት ይቀረኛል፣ በእጄም ያ ሁሉን የሚያሳይ የሚመስል ነጭ ብርሃን አለ። ለማንኛውም ብዬ በዚያው ባትሪ እያበራሁ በስልኬ ፎቶ አነሣሁትና ለአቶ ድንቁ ላክሁ። “ቶሎ ይተኛል ትላለች፤ መልኩ እንዴት ነው?” ብዬ ጻፍኩ። ጥቂት ቆይተው፣ “መልኩ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ታጥባው” ብለው መለሱ። ፎቶው ላይ ልጁ በእርግጥም ያምር ነበር።

“ደህና ነው፤ ያማረ ልጅ ነው” አልኳት ዝናሽን። መዝገቤ ላይም እንደዚያው ጻፍኩ።

ቤቷ ከሄድኩ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ጋሪ ገባ። ዝናሽ ላዩ ላይ ናት። ነጠላውን ገለጠችልኝ። በረከት ከግንባሩ እስከ ውስጥ እግሩ ቢጫ ነበር። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነው። መጥባት አቁሟል። ሲያለቅስ ድምፁ ቀጭንና የሚሰረስር ሆኖ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይለጠጣል።

“የወፍ በሽታ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?” አለችኝ።

“አሁን ሆስፒታል እንሄዳለን” አልኳት። አብሬያት ሄድኩ። ከሆስፒታሉም በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ ደሙ ተለወጠለት። ከብዙ ቀን በኋላ በሕይወት ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላው ግን እናቱ ስትጠራው እንደማይዞር ታወቀ። ቢጫው መስሚያውን ወስዶታል።

ማንም አልወቀሰኝም። አቶ ድንቁ መዝገቡን አይተው፣ “ሲስተር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተባብሶ ነው፤ ያጋጥማል” አሉኝ። ወቀሳው ቢመጣ የሚቀለኝ ይመስለኛል። የዝናሽ ደግሞ ከዚህ ባሰብኝ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ይዛ ትስማለች። “ልጄን ያተረፈችልኝ እሷ ናት፤ አብራኝ ሮጣለች” ትላቸዋለች ለጎረቤቶቿ።

ያን ፎቶ ከስልኬ አላጠፋሁትም። አንድ ቀን ቡታጅራ ውስጥ ፎቶ ቤት ወዳላቸው ጋሼ ሙዘይን ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሙሽራና የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሡ የኖሩ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥንና ሕፃኑ ማን እንደሆነ ሳልናገር አሳየኋቸው።

“ይህ ልጅ ምን ዓይነት መልክ አለው?”

ስልኩን አራቅ አድርገው አዩት። “አላውቅም” አሉ።

“እንዴት አያውቁም? ይታያል አይደል?”

“የሚታየው ባትሪው ነው፣ ልጁ አይደለም።” ባትሪዬን ከእጄ ወሰዱና ሱቁን ጨለም አድርገው ከውስጥ አንድ ዛላ በርበሬ አመጡ። በእኔ ባትሪ ሲያበሩበት በርበሬው የደረቀ ጉበት መሰለ። ከዚያ ለሥራ በሚጠቀሙበት መብራት አበሩበት። ያው በርበሬ ፍም የመሰለ ቀይ ሆነ። ሁለቱንም መብራቶች ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያበሩ ግን ልዩነታቸው ጥቂት ነበር።

“አየሽ፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው” አሉኝ። “ብርሃኑ ራሱ ነጭ መምሰሉ አንድ ነገር ነው። ሲያርፍበት የዕቃውን ቀለም ማውጣቱ ሌላ ነገር ነው። ይህ ባትሪሽ ሰማያዊው ሞልቶ ተርፎታል፤ ቀዩ ግን ጎድሎታል። የጎደለውን ቀለም ከየት አምጥቶ ያሳይሽ?”

“ቢጫንስ?”

“ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ቢጫን ያጠፋዋል፤ ነጭ ያስመስለዋል። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ካጋጠመሽ ደግሞ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ያደርገዋል። ወደ ሮዝ የሚያደላው በሽተኛውን ያስውበዋል። እኔ ለሙሽራ ሮዙን እወደዋለሁ፤ ለአንቺ ሥራ ግን አይሆንም።” ስልኬን መለሱልኝ። “ስልኩም የራሱን ይጨምራል። ሰው እንዲያምር ቀለሙን በገዛ እጁ ያስተካክላል። ልጁ አጠገብ ነጭ ወረቀት አድርገሽ ብታነሺው ኖሮ፣ ወረቀቱ ሰማያዊ መስሎ ሲታይ ፎቶው እንደሚዋሽ ታውቂ ነበር።”

ያኔ አለቀስኩ። ጋሼ ሙዘይን ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ሱቁን ዘጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ብርሃን መማር ያዝኩ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚባል ቁጥር እንዳለ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያወጣ የሚናገር ነው። መቶ ከሞላ እንደ ፀሐይ ነው። ለእኔ ከዘጠና በታች የሆነ አይበጀኝም። የብርሃኑን ቢጫነትና ነጭነት የሚናገረው ደግሞ ኬልቪን ነው፤ ከአራት ሺህ እስከ አምስት ሺህ ያለው ለቀን ብርሃን ይቀርባል። ከዚያ በላይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ በጣም ዝቅ ካለ ወደ ሲስተር አስካለ ባትሪ ይመለሳል። ነገር ግን ካርቶንም ይዋሻል። ስለዚህ ወልቂጤ ተዛውሬ ሌሎችን የማሠለጥን ስሆን፣ ባትሪ ልገዛ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ነጭ ወረቀት፣ አንድ ዛላ በርበሬና የሙዝ ልጣጭ እይዝ ነበር። ባለ ሱቆቹ ያውቁኛል።

“ሲስተር መጣች! ዛሬስ ወጥ ልትሠሪ ነው?” ይሉኛል።

“አዎ፤ ባትሪህን አምጣልኝ” እላለሁ።

መጀመሪያ መዳፌን፣ ቀጥሎ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ በርበሬውን አያለሁ። አንዳንዱ ባትሪ መሐሉ ሰማያዊ ሆኖ ዳር ዳሩ ቢጫ ነው፤ እንዲህ ያለው ልጁን ከየት በኩል እንዳበራሽበት መልኩን ይለዋውጠዋል። እሱን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። በጣም የሚያበራውንም አልፈልግም፤ የሕፃኑን ዓይን ያስጨፍናል። ደህና ብርሃን ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ ከሌላው ያነሰ ያበራል፤ ባልደረቦቼን ለማሳመን ያስቸገረኝም ይህ ነበር።

ይህ ሁሉ ጠቀመ ወይ? ጠቅሟል። ጉብሬ አጠገብ አንዲት እናት ቤት የሦስት ቀን ልጅ እንዲህ ፈትኜ በገዛሁት ባትሪ አይቼ ተጠራጠርኩ፣ በር ላይ ወስጄ አረጋገጥኩ፣ በሰዓቱ ሆስፒታል ደርሶ ድኗል። ግን እውነቱን ለመናገር ከበረከት በኋላ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ምንም የሌለባቸውን ልጆች ለደም ምርመራ እልክ ነበር። የወልቂጤ አለቃዬ አንድ ቀን ጠርታ፣ “ሲስተር ወይንሸት፣ ልጁ ሁሉ ቢጫ ሆነብሽ እኮ” አለችኝ። ልክ ነበረች። ብርሃኑን አስተካከልኩት፤ የፈራ ዓይኔን ግን ማስተካከል አልቻልኩም።

ጡረታዬ ሲደርስ ስንብት አደረጉልኝ። አንዷ ባልደረባዬ ተነሥታ ስለ በረከት ተናገረች። “አብራው ሆስፒታል ድረስ ሮጣ ያተረፈችው ልጅ ዛሬ ተማሪ ነው” ስትል ሁሉም አጨበጨቡ። ሰሃኑን ሳልነካ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ወደ ዝናሽ ቤት ለመሄድ ወሰንኩ፤ እግሬ ግን ስድስት ወር እምቢ አለኝ።

የሄድኩት ባለፈው ወር ነው፣ የእህቴን ልጅ ጠይቄ በተመለስኩ በሳምንቱ። ዝናሽ አሁን ቡታጅራ ዳር ነው የምትኖረው፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው ክፍል እዚያ ስላለ ነው የተዛወሩት። በረከት ትምህርት ቤት ነበር። እሷ ግቢ ውስጥ የደንብ ልብሱን ታጥባለች። ስታየኝ እጇን አራግፋ ልትስመኝ መጣች። ወደ ኋላ ሸሸሁ።

“ዝናሽ፣ አትሳሚኝ። መጀመሪያ ስሚኝ። ልጁን ያተረፍኩት እኔ አይደለሁም። ቤትሽ የመጣሁ ቀን ቢጫ ሆኖ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ። በር ላይ ወስጄ ማየት ነበረብኝ፤ አላደረግሁትም።”

ባለችበት ቆመች።

“እኔ አይቼዋለሁ” አለች።

“ምን?”

“አንቺ እንደሄድሽ ዝናቡ አባራ። አማቴ ወደ ጓሮ ሲወጡ ልጁን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ዓይኑ ቢጫ ነበር። ነርሷ ደህና ነው ብላለች፣ እኔ ምን አውቄ ነው ብዬ መልሼ አስተኛሁት። ለማንም አልነገርኩም። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።” እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። “አንቺ ስታዪው ጤነኛ ነበር፣ ያዘገየሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው የኖርኩት። አባቱም፣ ‘ያኔውኑ ይዘሽው ብትሄጂ ኖሮ’ ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።”

አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበች።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አለች።

“ፈራሁ።”

“እኔስ አልፈራሁም?” ጮኸች። ከዚያ ወደ ሳፋው ዞራ ጎንበስ አለች። ፊቷን ሳታዞር፣ “ዛሬ ሂጂ። እሑድ አባቱ ቤት ነው። ለእሱም በአፍሽ ንገሪው” አለችኝ።

እስከ እሑድ ያሳለፍኳቸውን ቀናት አልተርክም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄጄ በሚስቱ ፊት ሁሉንም ነገርኩት፤ ባትሪውን፣ ፎቶውን፣ አሥሩን እርምጃ። እሷ በር ላይ ያየችውን አልተናገርኩም፤ ያን መናገር የእሷ ፋንታ ነው። ስጨርስ ሰውዬው ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ “ዝናሽ” አለ። አንገቱን ደፋ።

እሷ እሱን አላየችውም፤ እኔን ነበር የምታየው። ለመሄድ ተነሣሁ።

“ቁጭ በይ” አለችኝ። “ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም።”

ቁጭ አልኩ።